ከሁሉም የሚተልቀው ቴሌቪዥን

ባሌ እኔን ማየት ትቷል። ምኑን እደብቀዋለሁ። ምሳ ሳቀርብለት ሳህኑ ላይ ያቀረቅራል፤ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ብወጣ ብገባ ወደ መስኮቱ ዞሮ እንደተቀመጠ ነው። ሌላ ሴት ይዟል እንዳልል ዘነበ ከቤት አይወጣም። ወርቃ ቀበሌ ያለው የቡና ማጠቢያ ውስጥ የገበሬውን እሸት መርምሮ የሚቀበለው እሱ ነበር፤ ዘንድሮ «ደክሞኛል» ብሎ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ቁጭ ነው። እኔ ደግሞ ዝምታ ያበግነኛል። ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አሁን ምን ታየው እያልኩ ስብሰለሰል እውላለሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ጥሎ ሊሄድ እንደሚችል ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

በዚህ መሃል ቴሌቪዥናችን ተቃጠለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከኋላው ጭስ ቢጤ ወጣና በቃ። ልጃችን ሉሲ ለቅሶ ተቀመጠች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ትልቅ ሰው ናት፤ ግን የኳስ ጌም ካላት እህልም አትፈልግም። የሰፈሩን ወንዶች አንድ በአንድ አሸንፋ ጨርሳ የቀራት ተጋጣሚ አባቷ ብቻ ነው። ዱሮ አንዳንዴ እሱም ያሸንፋት ነበር፤ አሁን አሁን ኳሱን በራሱ ጎል ላይ ያገባል። እሷ «እያወቅክ ነው የምትለቅልኝ» ብላ ታኮርፋለች፣ እሱ ይስቃል። ፊልም ደግሞ በአማርኛ የተተረጎመ ከሆነ ራሱን ሶፋው ላይ ጥሎ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

አዲስ እንግዛ ስል ዘነበ ከስንት ጊዜ በኋላ ከወንበሩ ብድግ አለ። እኔ ነኝ የምመርጠው አለ፣ ያውም ቆፍጠን ብሎ። ደስ አለኝም፣ ተናደድኩም። ለእኔ ያልተነሳ ሰው ለቴሌቪዥን ተነሳ።

የወጣን ዕለት ከቡሌ ደጋ በኩል የወረደው ጉም ከተማውን ሞልቶት ነበር። ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ከነጩ ውስጥ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ። የሰው ድምፅ ይሰማል፣ ሰውየው የለም። ከበራችን እንደወጣን ዘነበ ክንዴን ያዘኝ። መንገድ ላይ ክንዴን ይዞኝ አያውቅም፤ በእጮኝነታችን ጊዜ እንኳ የቸርች ሰው ያየናል ብለን ተራርቀን ነበር የምንሄደው። አሁን ግን ያዘኝ፣ ያውም ጥብቅ አድርጎ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንዳይለቀኝ ብዬ አፌን ዘግቼ፣ እግሬን አስቀድሜ እየጣልኩለት ሄድኩ። መንገዱ ራሱ ከእግራችን በታች የሚሄድ መሰለኝ። ሉሲ ከኋላችን ስለ ሄርትዝ፣ ስለ ቴሌቪዥን ምስል ፍጥነት መሆኑ ነው፣ ታወራለች፤ ሄርትዝ ካነሰ ጌሙ ይንቀረፈፋል ትላለች፣ እኔ አልሰማኋትም። እስከ ሞያሌ ድረስ እንዲሁ ብንሄድ አልጠላም ነበር።

አህመድ ሱቅ ገባን። የእናትና አባቱ አገር ስልጤ ነው፣ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው። የሱቁ ሦስት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቴሌቪዥን ነው፤ ሁሉም በርተው፣ የሁሉም ድምፅ ጠፍቶ። ሁሉም ላይ አንድ ባሕር አለ። ሰማያዊው ብርሃን ወለሉ ላይ ይወዛወዛል፣ የሉሲ ነጭ ሹራብ ሰማያዊ ሆነ፣ የእኔም እጅ። ዓሦቹ ከአንዱ ቴሌቪዥን ወጥተው ሌላው ውስጥ የሚገቡ ይመስላል። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ለምን እንደመጣን ጠፋኝና ቆምኩ። ዘነበም ክንዴን እንደያዘ ቆመ። ሁለታችን ባሕሩ ሥር ያለን ያህል ተሰማኝ፣ ደስ የሚል ነበር። የታረቅን መሰለኝ፤ ምን እንደተጣላን እንኳ ሳላውቅ።

ሉሲ ወዲያው መረጠች። መካከለኛ ናት፣ ለጌም የተሠራች፣ ለፊልምም ጥቁሩ ድፍን ጥቁር ሆኖ የሚታይባት። ለሳሎናችን ትበቃለች። አህመድም ጥሩ ምርጫ ነው አለ። ዘነበ ግን ቀረብ ብሎ፣ ራቅ ብሎ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ አያትና ከዚህ የሚተልቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አህመድ የሚተልቀውን አሳየው። ከዚህስ የሚተልቅ? እሱንም አሳየው። በመጨረሻ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ያለውን፣ ከበራችን የሚሰፋውን ካልሆነ አለ። ሳሎናችን ውስጥ እሱ ከተሰቀለ እኛ ጓሮ ልናድር ነው። ያ የክንዴ ሙቀት ተነነብኝና ንዴቴ መጣ። እኔን ለማየት የደከመው ሰው ይሄን ለማየት ጉልበት ከየት አገኘ? ሉሲ እንዳትሰማ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ በሰው ፊት አታዋርደኝ አልኩት። እሱ ቡናው ይታይልኝ አለ።

ይሄ የአህመድ ሱቅ ልማድ ነው። የእኛ አገር ሰው በዓሣና በባሕር አይታለልም፤ ቴሌቪዥን የሚገዛው እሸት ቡና አይቶበት ነው። ቀዩ ከቢጫው፣ ቢጫው ከአረንጓዴው ጥሬ ካልተለየ ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ አህመድ ኢዲዶ ቀበሌ ሄዶ በስልኩ የቀረጸው አለ፤ ጥሬው ገና ያልተለየ እሸት የማድረቂያ አልጋው ላይ ተዘርግቶ፣ የሴቶቹ እጅ ጥሬውን እየነጠለ ሲያወጣ። ከስልኩ ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን ለቀቀው። ባሕሩ ጠፍቶ ቡናው መጣ። እያንዳንዱ ፍሬ የብርቱካን ያህል ነው። ጥሬው በዝቶበታል፣ ግማሽ በግማሽ ማለት ይቻላል። እንኳን የዘነበ ሚስት፣ መንገደኛም ያየዋል።

ዘነበ ክንዴን ለቆ ወደፊት ሄደ፣ ደረቱን ነፋ። የወርቃው ዘነበ መጣ። አንድ ፍሬ ጥሬ አይቶ ሙሉ ጆንያ የሚመልሰው፣ በዚህም ገበሬው የሚያማው፣ እያማውም የሚያከብረው ሰው።

«እንከን የለውም» አለ። «አንድም ጥሬ የለበትም።»

አህመድ እኔን አየኝ። ሉሲ ስለ ሄርትዝ የጀመረችውን ወሬ ሳትጨርስ ቀረች። ቀልድ ነው ብዬ ፊቱን አየሁት፤ ቀልድ የለም፣ ዳኝነቱን ሰጥቶ የጨረሰ ሰው ፊት ነው። ክው አልኩ። ክንዴን የያዘኝ ወዶኝ አልነበረም፤ መንገዱ አልታይ ብሎት ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ይሄ ነው፣ ያሳፍራል፣ ግን ይሄ ነው።

ዘነበ ዝምታው ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ነበርኩበት ዞረ።

«ጸሐይ፣ ጥሬ አለበት እንዴ?»

መዋሸት እችል ነበር። አህመድም ዋሺ በሚል ዓይን ነው ያየኝ። ግን ይሄን ሰው በቡና ማን ዋሽቶት ያውቃል?

«ግማሹ ጥሬ ነው» አልኩት።

አህመድ ካርቶን ስቦ ዘነበን አስቀመጠው። ዘነበ የሆነውን ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ ነገረን። ወንድሜን ልጠይቅ ብሎ ሐዋሳ የሄደ ጊዜ ለካ ሐኪም ቤት ነው የሄደው። የዓይን ሞራ ቢሆን ይገፈፍልህ ነበር፣ የአንተ ነርቩ ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆይልህ አሉት። ጠብታውን ኮት ኪሱ ውስጥ ደብቆ ሽንት ቤት ገብቶ ይጨምራል። ወርቃ ያልሄደው ለዚህ ነው፤ የሰው ላብ ሳላየው ልመልስ ወይስ ጥሬ ልቀበል አለ። ሉሲ እጁን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላለች። እኔ ቆሜያለሁ። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩና የወጣው ግን ለምን ትልቁን ፈለግክ የሚለው ነው።

«ምን ያህል ሲተልቅ እንደሚታየኝ ልወቅ ብዬ» አለ። ጨመረበት። «የት እንዳለሽ አውቃለሁ፣ በድምፅሽም በእርምጃሽም። ፊትሽ ግን ከጠፋኝ ቆየ። ማታ ማታ ላስታውሰው እሞክራለሁ፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ የእናትሽ ይመጣብኛል።»

ስንት ወር ሙሉ የቋጠርኩት ቂም የት እንደገባ እንጃ። እንደ እኔ ያለች ሴት ስታዝንም በቁጣ ነውና ሉሲን ተነሺ አልኳት። በዚያ ስልክሽ ፎቶ አንሺኝ፣ አሁኑኑ፣ አህመድ ደግሞ እዚያ ትልቁ ላይ ያውጣው። ለጉሙ ያሰርኩትን ሻሽ ፈታሁ። ሉሲ እያለቀሰች ስለነበር የመጀመሪያው ተንቀጠቀጠባት፣ ሁለተኛውን በደንብ አነሳች።

ቡናው ጠፋና እኔ መጣሁ። ግድግዳውን ሞልቼ። የገዛ ፊቴን እንዲያ ተልቆ ሳየው ደነገጥኩ፤ አፍንጫዬ ብቻ የሕፃን ልጅ ያክላል። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። አህመድ ደግ ልጅ ነው፣ ሌሎቹን ቴሌቪዥኖች ሁሉ አጠፋ። ሱቁ ጨለመና ከእኔ ፊት የሚወጣው ብርሃን ብቻ ቀረ፤ ካርቶኖቹ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ዘነበ ላይ። ውጭ ጉሙ በሩን ዘግቶት ቆሟል። የመኪና ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ዘነበ ተነስቶ ሄደ። የቴሌቪዥኑን መስታወት በግንባሩ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋ። ከአገጬ ጀመረ። ራሱን እያዘነበለ፣ እሸት እንደሚመረምርበት ጊዜ ሳይቸኩል፣ ወደ ከንፈሬ፣ ወደ ጉንጬ ወጣ። ዓይኔ ጋ ሲደርስ ብዙ ቆየ። ከኋላው ቆሜ እሱ ሲያየኝ አየሁት። እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፣ በሠርጋችንም ቀን። ከዚያ ግንባሬን አልፎ ወደ ፀጉሬ ወጣና ቆመ። እጁን አንስቶ መስታወቱን ዳሰሰው።

«መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?» አለ።

አህመድን፣ ይሄንን ትልቁን ጫንልን፣ በሩ ካላስገባው በሩን እናፈርሳለን አልኩት።