ቅመማ ወይስ ክሊኒካል

ስልኩ ሲጮኽ ልብስ ሰፊው ስፒል በከንፈሩ ነክሶ፣ በየዓመቱ የሚወፍር የአንድ ደንበኛውን ሱሪ ወገብ እያሰፋ ነበር። ድምፁ የመጣው ከእርሱ ኪስ አልነበረም፤ ከቁርጥራጭ ጨርቁ ክምር ሥር ነበር። ልጁ ባትሪው እንዲሞላላት ስልኳን ሰክታ፣ እርሱ «ኮቱን ቶሎ አድርሺልኝ፤ ሰውየው እየጠበቀ ነው» ብሎ ሲያጣድፋት ረስታው ወጥታለች።

«አባ ሜትር፣ አንሣው እንጂ! ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬን በላው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ፣ በአንዱ ቤት የተተነፈሰው ሁሉ በሌላው ቤት ይሰማል።

«የልጅቱ ነው። የሰው ስልክ እንዴት ይነሣል?»

«ልጅህ መቼ ሰው ሆነችብህ? አንሣው፤ ማን ያውቃል፣ አማችህ ይሆናል።»

ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን ከከንፈሩ አውጥቶ በደረቱ ላይ ሰካቸውና ስልኩን አነሣ።

«ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ የፋርማሲ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። እሷ የለችም?»

«መልእክት ልኬአት ነው። አባቷ ነኝ፤ ምነው፣ በደኅና?»

«በደኅና ነው አባባ፤ እንዲያውም የምሥራች ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ቦታ ተለቅቋል። በውጤት የምትቀድመው እሷ ስለሆነች መጀመሪያ የምትመርጠው እሷ ናት፤ የተረፈውን ቀጥሎ ያለው ተማሪ ይወስደዋል። ከምሳ በፊት ማስተላለፍ ስላለብኝ ነው የምጨቀጭቃችሁ። ቅመማ ነው ወይስ ክሊኒካል?»

የሰውየው ልብ በደስታ ሞቀ። ክሊኒክ የሚባለውን ነገር ያውቀዋል፤ መርፌ የሚወጉበት፣ ቁስል የሚያጥቡበት፣ ሰው በወረፋ የሚነጫነጭበት ጠባብ ቤት ነው። ቅመማን ደግሞ ከዚያ አብልጦ ያውቃል። በልጅነቱ ነጭ ካፖርት ለብሶ ከመስታወቱ ጀርባ የሚቆመው፣ ዱቄቱን በሸክላ ሙቀጫ አድቅቆ በትንሿ ሚዛን የሚመዝነው ሰው «መድኃኒት ቀማሚ» ይባል ነበር፤ ሲያልፍም ትልልቆቹ ሰዎች ሳይቀሩ ባርኔጣ ያነሡለት ነበር። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ ምን እንደምትማር የጠየቀው ሰው ሁሉ ያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «መድኃኒት ቀማሚ ልትሆን ነው።» ስለዚህ የጸሐፊዋ ጥያቄ ለእርሱ፣ «ልጅዎ ባለሙያ ትሁን ወይስ ክሊኒክ ትቀጠር?» የማለት ያህል ነበር።

«ቅመማ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል፣ ልጄ! ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኗ እስኪጠፋ ያጠናችው ለክሊኒክ ነው እንዴ?»

«ተነጋግራችሁበታል አባባ?»

«እኔው አሳድጌአት ምን መነጋገር ያሻል? ቅመማ በይ።»

«እሺ። እንኳን ደስ አላችሁ።»

ስልኩን ዘግቶ ግድግዳውን በጡጫው መታ። «ሰምተሃል? ቀማሚነቷ ጸደቀ!»

«እሰይ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ እርሱ ራሱ እንደ እንቁላል የተላጠ መላጣ ነበር። «እንግዲህ ለዚህ ራሴ አንድ ነገር ትቀምምልኝ። ደንበኛ ሁሉ አናቴን እያየ ወደ ኋላው እየተመለሰብኝ ነው።»

ልጅቱ ስትመለስ አባቷ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ በር ላይ ተቀበላት። የሆነውን ሁሉ አንዲት ቃል ሳያስቀር፣ የጸሐፊዋን ድምፅ ጭምር እያስመሰለ ተረከላት። ፊቷ ሲለወጥ አላስተዋለም፤ ወሬው ጣፍጦት ነበርና።

«ምን አልካት?»

«ቅመማ ነዋ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እንኳን ደስ አላችሁ አለች።»

አልጮኸችም። ስልኳን ከመሰኪያው ነቅላ ደወለች፤ ጀርባዋን ሰጥታው በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረች፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ እያዳመጠች ቆመች። ስልኩን ስታወርደው የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ክሊኒካሉን ለሚቀጥለው ልጅ ሰጥተውታል። ወዲያው ደውለው ነገሩት፤ ተቀበለ።»

ልብስ ሰፊው ነገሩ በቅጡ ባይገባውም ከባድ መሆኑ ገባው። የደንበኛውን ሱሪ ስፒሉ እንደተሰካበት ትቶ፣ ካውያውን ነቅሎ፣ ሱቁን በቀትር ዘጋ። ፀጉር አስተካካዩ ሊቀልድ አፉን ከፈተና የልጅቱን ፊት ሲያይ መልሶ ገጠመው።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ በር ላይ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ነበር። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባሉና እዚያው ተቀመጡ። በመተላለፊያው ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ፤ ከወዲያ ክፍል የመስታወት ዕቃ ሲታጠብ ይሰማል።

«ሁለቱም መድኃኒት መስሎኝ ነው እኮ» አለ አባት።

«ሁለቱም መድኃኒት ነው አባዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው ልዩነቱ? አስረጂኝ፤ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ቅመማ ኪኒኑን የሚሠራው ነው። ዱቄቱ ከምን ጋር ይታሸግ፣ ሆድ ውስጥ ቶሎ ይሟሟ ወይስ ይዘግይ የሚለውን ያጠናል። ሥራው ፋብሪካ ነው፤ ላብራቶሪ ነው። ጎበዝ ሰው ይፈልጋል፤ አልናቅሁትም። ክሊኒካሉ ግን ከሕመምተኛው ዘንድ ነው። ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ አብሮ ይዞራል። ለአንድ ሰው የታዘዘውን ሁሉ አንድ ላይ ያያል፤ ይኼ ከዚያኛው ጋር አይሄድም፣ አቁሙት ይላል።»

«አይሄድም ማለት?»

ልጅቱ እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል አጣበቀች።

«እንደ እማዬ» አለች።

አባት ዞሮ አያት።

«እማዬ ለልቧ የምትወስደው ደም የሚያቀጥን ኪኒን ነበር አይደል? ኋላ ጥርሷ ሲመረቅዝ ሌላ ሰው ሌላ ኪኒን አዘዘላት። ሁለቱ ሲገናኙ ያ የልቧ መድኃኒት ኃይሉ ይበረታል፤ ደም ከፈሰሰ አይቆምም። ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህሩ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ነው የሰማሁት። የሁለቱን ስም ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸው። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። እኔ ይኼን ሙያ የፈለግሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ አንድ ሰው እዚያ አልጋ አጠገብ ቢቆም ኖሮ እናቴ አትሞትም ነበር ብዬ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን አውቀሽ… ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኪኒኑን በእጅህ የምታስውጣት አንተ ነበርክ፣ አባዬ።»

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ፣ ሊያጽናኑት ለመጡት ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው፤ የሰጠ ጌታ ወሰዳት» ሲል ኖሯል፤ ሲልም ከልቡ ነበር፤ በዚያ ቃል ተኝቶ ያድር ነበር። አሁንም ያንኑ ሊል ፈለገና ተወው። ጠዋት ጠዋት ውኃውን አሙቆ፣ ከጥርሷ ሕመም የተነሣ መዋጥ ሲያቅታት «በርቺ፣ ለጤናሽ ነው» እያለ ኪኒኑን ያስውጣት የነበረበት ማለዳ ሁሉ በፊቱ ተሰለፈ።

ኃላፊው ሲመጣ ትሑት ሰው ሆኖ ተገኘ። ወንበር ሳበላቸው፤ ነገሩንም ሳያቋርጥ ሰማ፤ ይህም ለልብስ ሰፊው የበለጠ አስጨናቂ ነበር፤ ቢቆጡት ይቀለው ነበርና።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ። እርሷ የለችበትም። ለእኔ አላዋቂነት እኔን ቅጡኝ እንጂ ልጄን አትቅጡብኝ።»

«አባቴ፣ እዚህ የሚቀጣ ሰው የለም። ያጠፋም የለም። ቢኖርማ እሱን ተቆጥቼ ነገሩን አስተካክለው ነበር። ጸሐፊዋ ጠየቀች፤ እርስዎ መለሱ። ልጁ ተነገረው፤ ደስ ብሎት ተቀበለ። አሁን ከእሱ ነጥቄ ለእሷ ብሰጥ፣ ነገ እሱም አባቱን ይዞ እዚህ ይቀመጣል። ምን እለዋለሁ?»

«ሌላ መንገድ የለም?»

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ልጁ በገዛ ፈቃዱ ‹እንለዋወጥ› ካለ ዛሬ ቢሮ እስኪዘጋ ድረስ አስተካክላለሁ። እኔ ግን አልጠይቀውም፤ መምህሩ ነኝ፤ እኔ ከጠየቅሁት እምቢ ማለት አይችልም።»

ወደ ውጭ ሲወጡ ልጅቱ የአባቷን ክንድ ይዛ ወደ ላብራቶሪው ደረጃ አመለከተችው። ክሊኒካሉ የደረሰው ልጅ እዚያ ብቻውን ተቀምጦ በስልክ ይነጋገር ነበር።

«ያውልህ። እኔ ልለው አልችልም፤ አብረን ነው የተማርነው፤ አፌ አይታዘዝልኝም። አንተ ንገረው። ሽማግሌ ሲለምነው ያፍራል።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እባክህ አባዬ» አለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድም ነገር በዚህ ድምፅ ለምናው አታውቅም።

ልብስ ሰፊው ግቢውን አቋርጦ ሄደ። በመንገዱ ላይ ልመናውን በአእምሮው ሰፋው፤ መጀመሪያ ሰላምታውን፣ ቀጥሎ የእርሱን ስሕተት፣ በመጨረሻም የሟቿን ነገር። የሟቿን ነገር የሰማ ሰው እምቢ እንደማይል ያውቅ ነበር። ልጁም ሽማግሌ ሲመጣ አይቶ ስልኩን ዘጋና ብድግ አለ።

«ደኅና ዋሉ አባባ። ሰው ፈልገው ነው?»

ልብስ ሰፊው መልስ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ እንደ ልማዱ ልብሱ ላይ ዐረፈ። የሸሚዙ ኮሌታ ተገልብጦ የተሰፋ ነበር። ጨርቁ በአንገቱ በኩል ሲያልቅ ፈትተው፣ የውስጡን ወደ ውጭ አዙረው መልሰው ሰፍተውታል፤ ይህን ሥራ የሚያሠራ ሰው ወደ ሱቁ ከመጣ ዘመን ሆኖታል። ስፌቱ የመኪና አልነበረም፤ በእጅ የተሰፋ ነበር፤ እንደ ጉንዳን መንገድ የጠበበ፣ ዓይን የደከመው ሰው ደጋግሞ የሄደበት ስፌት።

«ኮሌታህን ማን ገለበጠው?»

ልጁ ደንግጦ አንገቱን ዳሰሰና ሣቀ። «ያስታውቃል እንዴ? እማዬ ናት። አዲስ ግዢ ስላት ‹ገና ይሠራል› ትላለች።»

«አያስታውቅም። እኔ የሙያው ሰው ስለሆንኩ ነው። ጥሩ እጅ አላት።»

«አሁንም ከእሷ ጋር ነበር የማወራው። ደስታውን ነግሬአት ‹እልል› ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ አሉ።» ከዚያም ሽማግሌውን አትኩሮ አየ። «የእሷ አባት ነዎት አይደል? ቁርጥ እሷን! አባባ፣ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ክሊኒካሉን እሷ እንደምትወስደው እኮ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ ሌላ ወሬ የላትም። በዱቄት ደረቴ እንደሚታፈን አይታ ለእኔ ብላ ነው የተወችልኝ። በስልክ ላመሰግናት ብደውል አላነሣችም። ‹አልረሳውም ብሏል› ይበሉልኝ።»

ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ። የሰፋው ልመና ጫፉን እንዳልቋጠሩት ክር ተተረተረ። «አይደለም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትሁት» ቢል በቂ ነበር፤ ልጁ በዚያችው ደቂቃ ቦታውን መልሶ እንደሚያስረክባቸው ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ችግሩም ይኸው ነበር።

«እነግርልሃለሁ» አለ። «እናትህን ያቆይልህ።»

ሲመለስ ግቢው ረዘመበት። ልጁ ከኋላው እጁን እያወዛወዘ ነበር፤ ልጅቱ ከፊቱ፣ ከዛፉ ሥር፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከሩቅ ፊቱን ለማንበብ ስትሞክር አያት። «እምቢ አለኝ» የሚለው ቃል ተሰፍቶና ተተኩሶ ምላሱ ላይ ተቀምጦለት ነበር። ይህን ቢላት ዘወር ብላ ታለቅስ ነበር፤ በልጁ ትናደድ ነበር፤ ከዚያም የአባቷን ክንድ ይዛ ወደ ቤት ትሄድ ነበር። ይህን ሁሉ እየሄደ አሰበው፤ ክንዱን ስትይዘው እንኳ ተሰማው።

«ምን አለህ?» አለችው፣ ገና ሳይደርስ።

አጠገቧ እስኪደርስ አልመለሰላትም። ደረሰና ቆመ።

«አልጠየቅሁትም» አላት።