አማቱ አጠገብ የሚያስነጥሰው ሰዓት ሠሪ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ካለበት ምላሴ እንደ ጫማ ማሰሪያ ይቋጠር። ያላመነ ሰው ሰዓት ሠሪውን ይጠይቅ፤ ሰዓት ሠሪው ከካደ አማቱን ይጠይቅ፤ እሳቸው ከካዱ ግን… እሳቸው አይክዱም።

ሰዓት ሠሪው ከመኖሪያው ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ትንኝ የማታክል ብሎን በወረንጦ እያነሳ ይውላል። እጁ ድንጋይ ነው፤ አይንቀጠቀጥም። አማቱ ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ከመጡ ወዲህ ግን ነገር ተበላሸ። አመሻሽ ላይ ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ቁጭ ሲሉ አፍንጫውን ይበላዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ከዚያ እንጥሽ ነው። አንድ ቀን ሲያስነጥስ የበተነው የሰዓት ጥርስ ከጎረቤት ሾርባ ውስጥ ተለቅሟል።

«ሰው የጠላውን ሰው ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ይኼ ባልሽ ግን በአፍንጫው ነው የሚጠላኝ» አሉ አማቱ ለልጃቸው። «ቅዳሜ ወንድምሽ ቤት እሄዳለሁ።» ሻንጣቸውንም ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጮቤ ይረግጥ ነበር። ሰዓት ሠሪው ግን እንዲሄዱበት አልፈለገም። ቀልዱን እስከ መጨረሻው የሚሰሙለት በዚህች ዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሚስቱማ መሃሉ ላይ ሲደርስ ሽንኩርት አቀብለኝ ትለዋለች። ስለዚህ ለራሱ ማለ፦ ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ጥፋቱ የእሳቸው እንዳልሆነ በሐኪም አፍ ያስነግራቸዋል።

ማስነጠስ የሚመረምረው የአለርጂ ክሊኒክ ያለ ሪፈር ወረቀት ደጁን አያስረግጥም። ሪፈር የሚጽፈው ጤና ጣቢያው ነው። ሄደ።

«እስኪ ያስነጥሱ» አለው የጤና መኮንኑ።

«አሁን አልመጣልኝም።»

«እኔም ያላየሁትን አልጽፍም።»

በማግስቱ ቁንዶ በርበሬ በመሐረብ ቋጥሮ ተመለሰና በር ላይ ሳብ አደረገ። አስነጠሰ፤ ደህና አድርጎ አስነጠሰ። መኮንኑ በባትሪ አፍንጫውን አየና «ወንድሜ፣ እዚህ የሚታየው በሽታ ነው፤ ቅመም የሚታየው ገበያ ነው» ብሎ አሰናበተው።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት አማቱ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ከኔ ሌላ ማን ያስነጥስህና ነው? ተነስ፣ አብረን እንሂድ። ጥፋቴን በፊቴ ይንገሩኝ።» ሹራባቸውን ደርበው ቀደሙት።

ምርመራ ክፍሉ ውስጥ አጠገቡ ገና ከመቀመጣቸው ሰዓት ሠሪው አፉን ከፈተ። ከዚያ በኋላ የመኮንኑ መነጽር መስኮቱ ላይ፣ የግድግዳው ሥዕል ወለሉ ላይ ተገኘ። መኮንኑ መነጽሩን እየጠረገ ሪፈሩን ጻፈ፤ የተጠረጠረ መንስኤ ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ «አማት» ብሎ ሞላ።

አማቱ አነበቡት። ወረቀቱን ነጥቀው ወደ ክሊኒኩ ቀደሙት።

ክሊኒኩ ውስጥ በመስኮት ቀጠሮ የሚሰጠውን ሰውዬ በሽተኛው ሁሉ ነገ-ተመለሱ ይለዋል።

«ከሦስት ወር በኋላ» አለ ነገ-ተመለሱ፣ ቀና ሳይል።

«እኔ ቅዳሜ ሂያጅ ነኝ» አሉ አማቱ።

«መልካም መንገድ።»

«ሦስት ወር ሙሉ በሽታ ተብዬ እዚህ ወረቀት ላይ ልቀመጥ? አንተ አማት የለህም?»

«አለችኝ፣ እማማ። እሷም በቀጠሮ ነው የምትመጣው።»

ተሰላፊው ሳቀ። አማቱ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ቆሙ፤ ሰዓት ሠሪው ከጎናቸው ቆመ፤ የቀረው የአፍንጫ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ማስነጠስ ካርዶቹ ብድግ አሉ። በሁለተኛው የነገ-ተመለሱ ከረባት ወደ ጀርባው ዞረ። በሦስተኛው ሰውዬው ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ዛሬ አንድ ባለቀጠሮ ቀርቷል፤ በሱ ቦታ ግቡልኝ፣ እባካችሁ» አለ።

ዶክተሯ የሰዓት ሠሪው ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋ፣ በየምልክቱ ጠብታ አንጠባጠበችና በትንሽ መርፌ ጫር ጫር አደረገችው። «ይሄ የአቧራ፣ ይሄ የአበባ ብናኝ፣ ይሄ የሻጋታ፣ ይሄ የድመት። ያልተስማማዎት ያብጣል።»

«የአማትስ?» አሉ አማቱ።

«እሱ እስካሁን አልተሠራም፣ እናቴ።»

ሦስቱም ክንዱ ላይ አፈጠጡ። አቧራው ዝም። አበባው ዝም። ሻጋታውም ዝም። የድመቱ ግን የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ተነፋ።

«ቤት ውስጥ ድመት አለ?»

«ኧረ የለም» አለ ሰዓት ሠሪው።

አማቱ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ዶክተሯ ከሹራባቸው ላይ በሁለት ጣቷ አንድ ዳማ ፀጉር አነሳች፤ ቀጥላ ሌላ፣ ቀጥላ ሌላ።

«እማማ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ «ከሰዓት በኋላ ለጉልበትዎ በእግር ይንሸራሸሩ አልነበር እንዴ?»

«ጎረቤት ድረስ በእግር አይደለም የሚኬደው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የነሱ ድመት ናት። ጭኔ ላይ ትተኛለች። አንዴ ከተኛች እንዴት ብዬ ልነሳ? ለልጄ እንዳትነግርብኝ።»

«ቅዳሜ ካልሄዱ አልናገርም።»

«ባለጌ» አሉት፣ ሳቃቸውን በሹራባቸው እጅጌ ሊሸፍኑ ሲሉ ዶክተሯ እጃቸውን ያዘቻቸው።

ሻንጣው ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ። አሁን አማቱ ከእግር ጉዟቸው ሲመለሱ ሹራቡን ውጭ ገመድ ላይ ይሰቅላሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ንጹሕ ልብስ ቀይረው ወንበራቸውን ይስባሉ። በመጀመሪያው ቀን ሰዓት ሠሪው ደስ ብሎት ስለ አንድ ሰነፍ ሰውዬ ቀልድ ጀመረላቸው። መሃሉ ላይ ሲደርስ ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ፀጉር አፍንጫውን ኮረኮረው። ብሎኖቹን በመዳፉ ከድኖ አስነጠሰ። አማቱም ጀርባውን መታ መታ አድርገው «ይማርህ፣ ልጄ» አሉት።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ ነውም። «ይማርህ» የምትለዋን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኳት፣ እንዲያምር ብዬ። እሳቸው ያሉት «ከዚያስ ሰውዬው ምን አለ?» ነው።