ከባዱ መንጠቆ

ዓሣ ማጥመድ ለአሰበ ተፈሪ ሰው ምኑ ነው? ሳቅ ነው። መንጠቆ ይዤ በጫት ተራ ባለፍኩ ቁጥር «ዓሊዩ፣ ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ተራራ ላይ ልታጠምድ ነው?» እያሉ ይሳለቁብኝ ነበር። ሥራዬ ብየዳ ነው፤ የተበሳ ባልዲና ድስት እደፍናለሁ። ማጥመዱን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ድሮ ከጅቡቲ በባቡር ያመጣቸው ስድስት ትልልቅ መንጠቆዎች ነበሩት፤ ሲሞት ለእኔ ተረፉ።

ሳቁ ጸጥ ያለው የኩባ ወታደሮች ቦርደዴ ካምፕ ሠርተው ሲሰፍሩ ነው። የሶማሊያው ጦርነት ገና ማለቁ ነበር። ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈህ፣ ያውም ከተገኘ፣ በሚታደልበት ጊዜ እነሱ ለአንድ ወፍራም አምባዛ ዓሣ አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ጣሳ ዘይት ይሰጡ ነበር። እናንተዬ፣ ለአምባዛ! የኛ ሰው ሽታውን ሸሽቶ የሚሮጠውን!

ጎረቤቴ ጉርሜሳ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ዘበኛ ነበር። ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ አራት ልጆች ይዞ ሜዳ ላይ ወደቀ። ወላሂ፣ ያኔ አዝኜለት ነው አዋሽ ወንዝ ድረስ ወስጄ ማጥመድ ያስተማርኩት። ምን ቆርጦኝ! ስድስት ወር ሳይሞላው እኔን በለጠኝ። እኔ ሁለት ሳወጣ እሱ አምስት ያወጣል፤ ያውም እየዘመረ። የካምፑ ወጥ ቤት ሹም ለእሱ ከአገሩ ያመጣውን ዓሣ ማታለያ ቀይ የላስቲክ ትል ሸለመው፤ ጎማ የሚመስል፣ ውሃ ውስጥ ጭራውን የሚያወዛውዝ። ለእኔ ምንም። ቅናት አንገበገበኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ሹሙ በአስተርጓሚ ጠራንና «ከሁለት ሰው መቀበል ሰልችቶኛል። ቅዳሜ አብልጦ ያመጣ ቋሚ አቅራቢዬ ይሆናል» አለን። ለጉርሜሳ ይቺ ቅዳሜ የልጆቹ ጉሮሮ ናት። አውቃለሁ። ለእኔም ግን ስኳር ነበረች።

ሐሙስ ዕለት ጉርሜሳ ትሉን ይዞ ወርክሾፔ መጣ።

«ኦቦ ዓሊዩ፣ ይቺ ትል ትንሳፈፋለች፤ አምባዛው ደግሞ ታች ነው ያለው። እርሳስ ያለበት መንጠቆ አውሰኝ።»

ከአባቴ መንጠቆዎች የቀሩኝ ሁለት ናቸው። ከሞተ የመኪና ባትሪ እርሳስ አቅልጬ አንገታቸው ላይ አፍስሼባቸዋለሁ፤ አንዱ ላይ ባቄላ የሚያህል፣ አንዱ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል። ከባዱ ለሚሮጥ ውሃ ነው፤ ጅረቱ ሳይገፋው ወለሉን ይነካል። ቀላሉ ለተኛ ውሃ ነው፤ በተለይ ከታች እንጨት ካለ ትሏ ከእንጨቱ በላይ ታንዣብባለች፣ አትያዝም።

«ቅዳሜ የት ልትወርድ ነው?» አልኩት።

«አንተ ምከረኝ እንጂ።»

«የወንዙ መታጠፊያ ጋ ውረድ። ውሃው የተኛ ነው፤ አምባዛው እዚያ ይርመሰመሳል።»

ይህ እውነት ነው። ያልነገርኩት ሌላ ነው። መታጠፊያው ሥር ጎርፍ ነቅሎ ያመጣው አንድ ሙሉ ግራር ከነእሾሁ ሰምጧል፤ ከላይ ስታየው ውሃው ለጥ ያለ ነው። የአባቴ አራት መንጠቆዎች እዚያ ቀርተዋል።

«የትኛው ይሻለኛል?» አለ፣ ሁለቱን መዳፉ ላይ አድርጎ እየመዘነ።

«ከባዱ» አልኩት።

አየህ፣ ባዶ እጁን እንዲመለስ ነበር የፈለግኩት፤ ይኸው ነው። ምላሴ ግን አላረፈም። «የአባቴ ዕቃ ነው፤ ብታጠፋው ደጄን አትረግጥም» አልኩት። ያም አልበቃኝ። «ከተያዘብህ ደግሞ ገብተህ አውጣው! ጌታህ በውሃ ላይ ሄዷል ትሉ የለ?» አስተግፊሩላህ። አዞ እንዳለ እያወቅኩ!

ጉርሜሳ ከት ብሎ ሳቀ። «ቃሌ ነው፤ ዕቃህ ይመለሳል» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ እኔ ከመታጠፊያው በላይ፣ እንጨት በሌለበት ኩሬ በቀላሉ መንጠቆ ሦስት አምባዛ አወጣሁና ወደ ካምፑ አመራሁ። ጉርሜሳ የለም። ሹሙ ጠብቆ ጠብቆ እጄን ጨበጠኝና ቋሚ አደረገኝ። ጉርሜሳ ከእሾሁ ጋር ሲታገል እየታየኝ ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ።

ስኳሬን ተሸክሜ መኪና ስጠብቅ ሁለት ግመል ጠባቂዎች እያለከለኩ ደረሱ።

«መንጠቆው ተያዘበት» አለ ትልቁ። «ልብሱን ሲያወልቅ ‹ሂንሴኒን! አትግባ!› ብለን ጮህንበት። ‹የሰው ዕቃ ነው› ብሎ ገባ። ሁለቴ ጠልቆ ባዶውን ወጣ። በሦስተኛው መንጠቆውን ከፍ አድርጎ እየሳቀ አሳየን። በሁለት እጁ ሊዋኝ ብሎ ወደ እኛ ወረወረው። ከዚያ አዞው...»

የቀበርነው አንድ ክንዱንና ዳር ያወለቀውን ሸሚዝ ነው።

ለቅሶው ቤት ስኳሩን ይዤ ሄድኩ። ሚስቱ አባይነሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ማጥመድ ያስተማርከው፣ ዕቃህን ያልሰሰትክበት ወንድሙ!» እያለች አለቀሰች። ሰዉ መረቀኝ። እኔም ምርቃቱን «አሚን» ብዬ ተቀበልኩ።

ከወር በኋላ አባይነሽ ወርክሾፔ መጣች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ከባዱን መንጠቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀዩ ትል አሁንም አለበት።

«እረኞቹ ሰጥተውኝ ነው። ቃሉን ጠብቋል፣ ዕቃህ ተመልሷል» አለች።

ልነካው አልቻልኩም።

«አሁን እኔ ራሴ ልሄድ ነው፤ ልጆቼ ጦማቸውን እያደሩ ነው። ከአንተ ጋር አልሻማም፤ ከሚተርፍህ ቀን አንዱን ስጠኝ። እረኞቹ መታጠፊያው ጋ ዓሣ ሞልቷል ይላሉ። ለዚያ ቦታ የሚሻለው የቱ ነው፣ ኦቦ ዓሊዩ? ከባዱ ነው ቀላሉ?»

ከባዱ ብል እሷም ትገባለች። የባሏ ሚስት ናት፤ የሰው ዕቃ ጥላ አትመጣም።

«ቀላሉን ውሰጂ» አልኩ። ሲጨንቀኝ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። «ከባዱን እዚያ እንዳትጥዪ። ከታች ግራር ሰምጧል፣ ይይዝብሻል። እኔ ራሴ ድሮ አራት መንጠቆ ቀርቶብኛል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ቀላሉን ከግድግዳው ሚስማር ላይ አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዞራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መንጠቆ አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«ለጉርሜሳ ግን ከባዱን ሰጠኸው።»

ረስቼ ነው ልል ነበር።

«‹ከተያዘብህ ገብተህ አውጣው› አለኝ ብሎ የዚያን ዕለት እራት ላይ ነግሮኝ ነበር» አለች። «ሲነግረኝ ይስቃል። ኦቦ ዓሊዩ ቀልደኛ ነው ብዬ እኔም አብሬው ሳቅሁ።»

ቀላሉን መንጠቆ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ወጣች።