የተሰረዘው እትም

የስላቫው፣ የቤተሰቡ ጠባቂ ቅዱስ በዓል፣ ዳቦ በአራት ሰው እጅ ተይዞ ሁለተኛ ዙሩን ሲዞር፣ የቦጎሉብ ስልክ ኪሱ ውስጥ ለሰባተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። እጁን ቢለቅ ዳቦው ሊወድቅ ነው። ዳቦው ከወደቀ ደግሞ አጎቱ ስቬቲስላቭ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያነሡበት ይኖራሉ።

"ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ!" አሉት አጎቱ በሹክሹክታ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ባቡር ጣቢያ፣ የባቡሮችን መነሻና መድረሻ ሲቆጣጠሩ ነው። ቦጎሉብ አባቱ ካረፉ ወዲህ የቤተሰቡን መልአክ፣ የቅዱስ ሚካኤልን ቀን በራሱ ቤት ሲያከብር ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ አጎትየው ከማለዳ ጀምረው እንደ ፈታኝ ነበር የሚከታተሉት።

ሚስቱ ዶብሪላ በነጻ እጇ ስልኩን ከኪሱ መዝዛ አየችው። "የማናውቀው ቁጥር ነው። ሰባት ጊዜ የሚደውል ሰው ወይ እብድ ነው፣ ወይ ቤቱ ተቃጥሎበታል።"

ሦስተኛው ዙር ሞላ። ወይኑ ፈሰሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሁሉም ተሳሳመ። ቦጎሉብ ወደ ማድ ቤት ሾልኮ ስልኩን አነሣ።

"ፕራዝኒክ የምትባለው ፓኬጅ ባለቤት አንተ ነህ?" አለች አንዲት ሴት፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

"ነኝ፤ ምን..."

"ተመስገን፣ አለህ ለካ! እኔማ ከነፓኬጅህ የተቀበርክ መስሎኝ ነበር።"

ሩዢጻ ትባላለች። በደቡብ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የኩላሊት ሕሙማንን ለእጥበት የሚያመላልሱ መኪኖች ስምሪት ክፍል ውስጥ ያለችው ፕሮግራመር እሷ ብቻ ናት። ፕሮግራሟን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ልትጭን ስትል፣ ኮምፒውተሩ "ፕራዝኒክ አራት ነጥብ ሦስትን ላገኛት አልቻልኩም" ብሎ ቆሟል። እምቢ ካለ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

ቦጎሉብ ጥፋቱን ወዲያው አወቀው።

ፕራዝኒክ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለራሱ ሥራ ብሎ የጻፋት ትንሽ ነገር ናት። የትኛው ቀን ሥራ፣ የትኛው ቀን በዓል እንደሆነ ትናገራለች፤ ሌላ ሙያ የላትም። ሌሎች ፕሮግራመሮች ከጋራው የፓኬጅ ማከማቻ በነጻ ያወርዷትና በራሳቸው ሥራ ውስጥ ይከቷታል። ትናንት ማታ የማን ቤተሰብ ስላቫ መቼ እንደሚውል የምታውቅ አዲስ እትም፣ አራት ነጥብ ሦስትን፣ አወጣ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ለሙከራ የዛሬን በዓል ቢጠይቃት፣ ቀኑ ኖቬምበር ሃያ አንድ ሆኖ ሳለ የሚካኤል ቀን ዲሴምበር አራት ነው ብላው ቁጭ! በቤተ ክርስቲያን አሮጌው አቆጣጠርና በአዲሱ መካከል ያለውን አሥራ ሦስት ቀን ሁለቴ ደምራው ነበር።

እዚህ አገር ስላቫ ከመግባቱ በፊት ቤት ይጸዳል። መስኮት ይወለወላል፣ ምንጣፍ ይራገፋል፣ የተሰበረ ሳህን ይጣላል። ዶብሪላ ሳሎኑን ስትጠርግ ቦጎሉብም የራሱን ቆሻሻ ጠረገ፤ እትሟን ከማከማቻው ሰረዛት። ነገ በረጋ ልብ አስተካክላታለሁ፣ በአንድ ሌሊት ማን አውርዷት ያውቃል፣ ብሎ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ! ለካ በዚያች አንድ ሌሊት የስንቱ ሰው ኮምፒውተር ይህችኑ ቁጥር ስሟን ጠርቶ ይዟት ኖሯል።

"ወደ ቀድሞዋ እትም ተመለሺ" አላት።

"የቀድሞዋ የሾፌሮቼን ስላቫ አታውቅም! ሌሊት አዲሷን የመረጥኩት ለዚህ አይደል? ዛሬ መልአኩ የሆነለት ሾፌር ከጠዋት ጀምሮ ራኪያ አረቄውን ሲጨልጥ ነው የሚውለው። የጠጣ ሰው ላይ በሽተኛ ልጫን?"

"እሺ፣ ለዛሬ በእጅ ጻፉት።"

"ባለፈው በእጅ ስንጽፍ አንዲት እናት ተረሱ" አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። "ደጃቸው ላይ ሦስት ሰዓት በብርድ ቆመው ተገኙ። ዛሬ ስልሳ አራት በሽተኛ አለኝ። መኪኖቹ የሚነሡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው።"

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ይላል። በሩ ተንኳኳ።

ስላቫ ላይ እንግዳ አይጠራም፤ ራሱ ይመጣል። የቤቱ ጌታ ደግሞ እንግዳ እያለ ወንበር አይነካም፤ ቆሞ ይቀበላል፣ ቆሞ ይቀዳል። ስለዚህ ቦጎሉብ ላፕቶፑን ማቀዝቀዣው አናት ላይ ሰቀለው። በአንድ እጁ ጠርሙስ፣ በሌላው ቁልፎቹን እየነካ፣ "መልካም ስላቫ!" የሚለውን ሁሉ እየሳመ፣ መጀመሪያ ቀላሉን መንገድ ሞከረ። የሰረዛትን እትም በዚያው ቁጥር ሊመልሳት።

ማከማቻው እምቢ አለው። አንዴ የተሰረዘ ቁጥር ዳግም አይወጣም። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ እምቢ።

"ምን አየሁ!" የአጎቱ ድምፅ ከበሩ መጣ። "እንግዳ ብርጭቆው ደርቆ ተቀምጧል፣ አንተ እዚህ ከማቀዝቀዣ ጋር ትማከራለህ? ወንድሜ ይህን ሳያይ መሞቱ በጀው!"

"ጋሼ፣ ይተዉኝ!" ቦጎሉብ በሕይወቱ አጎቱ ላይ ጮኾ አያውቅም። ዶብሪላ የያዘችውን ሳህን እንደያዘች ቀረች። "በኔ ጥፋት ስልሳ አራት በሽተኛ ሊቀር ነው! ስምንት ሰዓት ላይ መኪና ካልተነሣላቸው የሚያጥባቸው የለም!"

ሽማግሌው ቅንድባቸው ወደ ላይ ሄደ፣ ቀስ ብሎም ወረደ።

"ስንት ሰዓት ነው የሚነሡት ያልከኝ?"

"ስምንት።"

"ምንድን ነው የያዘህ?"

ነገራቸው። ኮምፒውተር የሚሉትን ነገር ነክተው አያውቁም፤ ግን ሰምተው ሲጨርሱ በንቀት ሳቁ።

"ይህማ የባቡር ነገር ነው! የሰረዝከውን ባቡር በዚያው ቁጥር መልሰህ አትልክም፤ ግማሹ ጣቢያ ቀርቷል ብሎ መስመሩን ለሌላ ሰጥቶታል። አዲስ ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ለየጣቢያው በጽሑፍ ታሳውቃለህ፣ አለቀ! ግን መጀመሪያ ፍሬኑን ትፈትሻለህ። የተበላሸ ባቡር በአዲስ ቁጥር ቢሄድም ያው መጋጨቱ አይቀርም።" እጃቸውን ዘረጉ። "ጠርሙሱን ወዲህ በል።"

"ጋሼ፣ ጉልበትዎ..."

"ጉልበቴን ላንተ ማን ሰጠህ? እኔ እቆማለሁ። ሥራህን ሥራ።"

አሥራ ሦስቱን ቀን ሁለቴ የምትደምረውን መስመር ማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ችግሩ ሌላ ነው፤ የቀረው ሁሉ ትክክል መሆኑን በምን ያውቃል? ጠዋት በችኮላ የሰረዘ ሰው፣ አሁን ደግሞ በችኮላ ሊያወጣ ነው። ከሳሎኑ ሳቅ ሲሰማ ዘወር አለ። ሃያ የሚሆን ሰው ሞልቶታል። እያንዳንዱ የቤቱን ቅዱስ ቀን ከልጆቹ ልደት አብልጦ ያውቃል።

ላፕቶፑን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። "ወገኖቼ፣ አንድ ነገር እርዱኝ። እያንዳንዳችሁ ስላቫችሁን ጥሩልኝ፤ ይህቺ ቀኑን ትናገራለች። ከዋሸች ጩኹባት።"

"ሚትሮቭዳን!" አለ አንዱ፣ የሳርማ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ።

"ኖቬምበር ስምንት።"

"ልክ ናት!"

"ቅዱስ ኒኮላ!"

"ዲሴምበር አሥራ ዘጠኝ።"

"ይህንንማ ድመቴም ታውቃለች! ጁርጀቭዳን በላት!"

"ሜይ ስድስት።"

ጭብጨባ ሆነ። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ስለነበር ሩዢጻ ከዚያ ወዲያ የሾፌሮቿን ትጨምራለች፣ እንግዶቹም ያርማሉ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቅዱስ ቀን ሊደባደቡ ደርሰው ዶብሪላ ገላገለቻቸው። ያን ጊዜ ጎረቤታቸው ዛጎርካ እጇን አነሣች፤ ከገባች ጀምሮ "ሚካኤል ሕያው ነው፣ ለሕያው ንፍሮ አይቀቀልም" እያለች እንደ ሙታን መታሰቢያ ተቀቅሎ ጠረጴዛው ላይ ስለቀረበው ስንዴ ስትነዘንዝ የነበረችው ናት።

"የኔን ቅዱስ ስቴፋን። የሚመጣውን።"

"ጃንዋሪ ዘጠኝ" አለ ቦጎሉብ።

"የየትኛው ዓመት?"

አየ። የዘንድሮ ይላል፤ ካለፈ አሥር ወር የሆነው።

"እሱማ አልፏል!" አለች ዛጎርካ ወገቧን ይዛ። "አሳማዬን በልታችሁ አልጨረሳችሁም? እኔ የምጠይቅህ ገና የምትበሉትን ነው!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቦጎሉብ ግን አልሳቀም። በአሮጌው አቆጣጠር ዲሴምበር የሆነው ቀን፣ በአዲሱ ጃንዋሪ ሲገባ ዓመቱም አብሮ መሻገር አለበት። ፓኬጇ ግን ዓመቱን እዚያው ትታዋለች። ይህን ሳያይ ቢያወጣት ኖሮ በጃንዋሪ ስንቱ ሰክሮ መሪ በጨበጠ ነበር! ሄዶ የዛጎርካን ሁለት ጉንጭ ሳማት።

"እኔ ምን አደረግኩ?" አለች ደንግጣ።

ሰባት ሰዓት ከሠላሳ ሆነ። ከማቀዝቀዣው ፊት ቆሞ ጻፈ፣ ሞከረ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። ሩዢጻ የሚልክላትን በየመስመሩ ታየው ነበር። ባለሙያ ናት፤ አንድ ቦታ ላይ "ይኼ ደግሞ ምን አመጣው? አውጣው" ስትለው አወጣው፣ ያለሱም አማረ። ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ የዛጎርካ ቅዱስ ስቴፋን የሚመጣው ዓመት ላይ ተቀመጠ። አራት ነጥብ ሦስት ነጥብ አንድ ወደ ማከማቻው ሄደች።

"አንድ መስመር ብቻ ቀይሪ። ከሦስት በኋላ ነጥብ አንድ ጨምሪና ጫኚ።"

ሹካ የያዘ ሁሉ ሹካውን አየር ላይ አቆመው። ስቬቲስላቭ ጠርሙሱን በደረታቸው አቅፈው ዓይናቸውን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልነቀሉም። ከስልኩ ወዲያ የቁልፍ ድምፅ፣ ቀጥሎ ምንም፣ ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

"ገባች" አለች ሩዢጻ። "ገባች! ስሙ፣ ማተሚያው እያወጣ ነው! ስልሳ አራቱም አሉ! ዛሬ መልአካቸው የሆነውን አምስቱን ሾፌሮች ትታቸዋለች፣ አምስቱንም!"

ጩኸቱ ከቤቱ አልፎ እስከ መንገድ ተሰማ። አንዱ የማያውቀውን ሰው አቀፈ፣ ዶብሪላ አለቀሰች፣ ስቬቲስላቭ ለሁሉም ቀዱና ብርጭቆአቸውን ለስልኩ አነሡ። "ስምንት ሊሆን አምስት ደቂቃ ጉዳይ! በኔ ዘመን ይህ በሰዓቱ መድረስ ይባል ነበር!" የመጀመሪያዋ መኪና ሞተሯን ስታስነሣ በስልኩ ውስጥ ሰሙት።

የቀሩት ጣቢያዎች ግን ገና አልሰሙም። በፓኬጇ ገጽ ላይ ቅሬታ ሲዘንብ ውሏል። አንዳንዱ የራሱ ጥፋት መስሎት ግማሽ ቀን ሲፈልግ ቆይቷል። ቦጎሉብ ሳይሸፋፍን ጻፈ፦ "እትሟን ሳላስታውቅ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ይህችን አዲሷን ጫኑ። ሁለተኛ ሳላስጠነቅቅ አልሰርዝም።" ጽሑፉን ለሩዢጻ አነበበላት።

"ጥሩ ነው" አለች። "ግን አንድ ልጠይቅህ። ስልክህን ባታነሣስ ኖሮ? አንተ ብትታመም ለዚህች ነገር ሌላ ማን አላት?"

"ማንም የላትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም አላስነካኋትም።"

"እንደ ኩራት ነው የምታወራው።"

እውነቷን ነበር። በኩራት ነበር ያወራው። ገጹ ላይ የባለቤት ስም የሚጻፍበትን ክፍል ከፈተው፤ የሱ ስም ብቻውን ተቀምጧል።

"ማከማቻው ላይ በምን ስም ነው የምትገቢው?"

"ለምን?"

"ከኔ እኩል ታውጣ፣ እኩል ትሰርዝ ብዬ ማከማቻውን ላዘው ነው።"

የምትገባበትን ስም ነገረችው። "ሰውዬ፣ አታውቀኝም እኮ። አንድ ቀን ተናድጄ ባበላሻትስ?"

"እኔ ሳልናደድ አበላሽቻታለሁ" አለና፣ ስሟን ከስሙ ሥር ጽፎ አጸደቀው።