የስንጥቅ መሸፈኛ

ፍሬም ላይ ስቱኮ የሚለቀልቅ ሰው እጁ ይሰበር ብዬ ብራገም ማንም አይፈርድብኝም። የነዳጅ ጋን ላይ ይለቅልቅ፣ ጭቃ መከላከያ ላይ ይለቅልቅ፣ ዝም እላለሁ። ፍሬም ግን የሞተር ሳይክል አጥንት ነው። የተጣመመ አጥንት በዱቄት ሞልቶ፣ ጥቁር ቀለም አብለጭልጮበት "አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም" ብሎ የሚሸጥ ሰው አለ፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ፤ ሰላምታ እየሰጠ፣ እየሳቀ ይኖራል።

ፉሚኤ እባላለሁ። ሃማማትሱ በምትባለው ከተማችን ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ፣ እኔና ባሌ ቶኩጂ የድሮ ሞተር ሳይክሎችን ፍሬም እናቃናለን። የኋላ ክንዳቸውንም፣ ማለትም የኋላውን ጎማ ይዞ ከመንገዱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብረት፣ እናድሳለን፤ ያረጀውን እንቀይራለን፣ የሳሳውን እናጠነክራለን። እኔ እለካለሁ፣ እሱ ይበይዳል። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው። ሰው ሲያወራ ግን "የቶኩጂ ጋራዥ" ይላል እንጂ የሁለታችን አይልም፤ እሱም ቢሆን ያናድደኛል።

የድሮ ሞተር የሚወዱ የአገራችን ሰዎች አንድ አባዜ አለባቸው፦ ላሜራ። ድሮ ተወዳዳሪዎች በፍጥነት ሲታጠፉ ፍሬሙ እንዳይወዛወዝባቸው መጋጠሚያዎቹ ላይ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ያስበይዱ ነበር። ያኔ ምክንያት ነበረው። ዛሬ እሁድ ጠዋት ሐይቁ ዳር የሚሰበሰቡት ጡረተኞች አያት ሆነው፣ እንኳን ሊወዳደሩ የከተማ አውቶቡስ እየቀደማቸው፣ ላሜራ የሌለበትን ፍሬም እንደ ራቁት ሰው ያዩታል። ላሜራ የበዛበት ሲመጣ ጎንበስ ብለው "ኦሆ!" ይላሉ። ከላሜራው ሥር ምን እንዳለ የሚጠይቅ ግን አንድ ሰው አይቼ አላውቅም።

ናጋሴ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ናጋሴ የድሮ ሞተሮች ነጋዴ ነው፤ ከሥራችን አብዛኛው የሚመጣው ከእሱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የ1973 ካዋሳኪ ፍሬም በመኪናው ጭኖ መጣ። አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ፊት ያሳያል።

"ቶኩጂ ሳን፣ ይቺን ቆንጆ ያሳምሩልኝ፤" አለ። "አንገቷ ላይ ግራና ቀኝ ላሜራ፣ የኋላ ክንዷ ሥር ደግሞ ማጠናከሪያ ቱቦ። የተወዳዳሪ ትምሰልልኝ።"

ሳን የአክብሮት መጠሪያችን ናት፤ አንገት የሚለው ደግሞ መሪው የሚሰካበትን ቦታ ነው።

"መጀመሪያ መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ላውጣው፤" አልኩ።

"አያስፈልግም እመቤት ፉሚኤ፣ አይድከሙ። ተለክቷል።"

"ማን ለካው?"

"ተለክቷል አልኩዎት እኮ!" ብሎ ሳቀ።

ቶኩጂም ቀበል አድርጎ፣ "ተለክቷል ካሉ ተለክቷል፤ ምን ታካብጃለሽ?" አለኝ። ስንፍና መሰለኝ። ባሌ ሰነፍ አይደለም፤ ግን ዕድሜም አለ፣ ወገብም አለ ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ቶኩጂ ጥርሱን ሊያሳይ ሐኪም ቤት ሄደ። በሩ ሲዘጋ ፍሬሙን ጎትቼ ጠረጴዛው ላይ አሰርኩት። መለካት ሥራዬ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅበትም። አንገቱ ወደ ግራ ዘሟል። ከአንገቱ ሥር ያለውን ቱቦ በጥፍሬ መታ መታ ባደርገው የብረት ድምፅ አልሰጠኝም። ቀለሙን ትንሽ ፋቅኩት፤ ነጭ ወጣ። ስቱኮ!

ቶኩጂ ግማሽ አፉ ደንዝዞ ሲመለስ ወጥ ቤት ገብቶ ጊዮዛ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ፣ መጥበስ ጀመረ፤ ማኘክ እንኳ ሳይችል።

"ስቱኮ ነው፤" አልኩት።

"ምኑ?"

"አንገቱ ነዋ! ምን አድርገው እንደለቀለቁት ብታይ! ፍሬም ነው የልደት ኬክ?"

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል።"

"ይስማ! ጎረቤትም ሞተር ይገዛል።"

"ተጣሞ ከሆነ አቃናዋለሁ። እንጀራዬ አይደል?"

"የተጣመመው ስለተጋጨ ነው፤ የተጋጨ ቱቦ ደግሞ ይሰነጠቃል። ቀዩን ፈሳሽ እንርጭበት።"

ቀዩ ፈሳሽ ማለት ዓይን የማያየውን ስንጥቅ የሚያወጣ ነው። ብረቱ ላይ ይረጫል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ይጠረጋል፤ ከዚያ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ቀይ ነጩ ላይ እንደ ክር ብቅ ይላል።

"ፈሳሹ አልቋል፤" አለ ጊዮዛውን እያገላበጠ።

"በቀደም ነበረ እኮ።"

"አልቋል አልኩሽ። ደግሞ አይቼዋለሁ፤ ስንጥቅ የለውም።"

ቶኩጂ አይቼዋለሁ ካለ አይቶታል። ባሌ የጸጉር ያህል ክፍተት ከበር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። አመንኩት። ያመንኩት ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለናጋሴ ግን ደወልኩ። "ስቱኮ አግኝቻለሁ። ገዢው ያውቃል?" አልኩት።

"እመቤቴ፣" አለ፣ ድምፁ አሁንም እየሳቀ፣ "ገዢው የእኔ ደንበኛ ነው።"

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። በእኛ ዘንድ ወግ ነው፤ ሥራውን ያመጣው ነጋዴ ከሆነ ደንበኛው የነጋዴው ነው። ነጋዴውን አልፎ ለደንበኛው ቃል የሚተነፍስ ጋራዥ ወሬው በአንድ ሳምንት ከተማውን ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ በሩን የሚያንኳኳ የለም። ደንበኛው ድንገት ቢመጣ እንኳ ጎንበስ ብለን ሰላም እንላለን፣ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ እንቀዳለን፣ ስለ አየሩ እናወራለን። ስለ ፍሬሙ አንድ ቃል አይወጣንም። ይህን ወግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ለናጋሴ ዓይነቱ እንደተመቸ ግን አውቃለሁ።

ቶኩጂ አንገቱን በጃክ ገፍቶ አቃናው። ቆንጆ አድርጎ ነው ያቃናው፤ እኔው ለክቼ አረጋገጥኩ። ስቱኮውን ፈቅፍቆ ጣለ፣ ላሜራዎቹን ቆርጦ አዘጋጀ። የቀረው መበየድ ብቻ ነበር። ናጋሴም ደንበኛውን ይዞት መጣ፤ የመጀመሪያዋን የብየዳ ፍንጣሪ በዓይኑ ያየ ገዢ ለዘላለም ደንበኛዬ ይሆናል ብሎ ናጋሴ ያምናል።

ሰውየው ኦኪቱ ይባላል፤ ከተራራው ወገብ የመጣ ሻይ አምራች ነው። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጣቶቹ መሃል ግን የሻይ ቅጠሉ አረንጓዴ አለቀቀም። ለቶኩጂ ወገቡ እስኪታጠፍ ሰገደ። ሻይ ቀዳሁለት።

"የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ ልክ እንደዚህች ያለች ነበረችኝ፤" አለ ፍሬሙን በዓይኑ እየዳሰሰ። "ሚስቴን ከኋላ አስቀምጬ ባሕር ዳር እወስዳት ነበር። ልጆች ሲመጡ ሸጥኳት። አሁን ሚስቴ የራስ ቁሯን ገዝታ ጨርሳለች፤ ቤት ውስጥ አድርጋ ትዞራለች፣ ታስቃለች። 'ጠንካራ ከሆነ ብቻ ነው የምወጣው' ብላኛለች።"

"ከዚህ የጠነከረ የት ይገኛል?" አለ ናጋሴ። "አንድም ቀን ያልወደቀ ፍሬም! ላሜራ ሲጨመርበት ደግሞ ያስቡት።"

አንድም ቀን ያልወደቀ! ስቱኮውን በፋቀው ባሌ ፊት፣ በእኔ ፊት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ! የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ በሰላም ማስቀመጤ ይገርመኛል።

"እመቤቴ፣ የሚበየደውን ቦታ ይጥረጉልንና እንጀምር፤" አለኝ ደግሞ ናጋሴ።

ማጽጃ ላመጣ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። የማጽጃውን ጠርሙስ ሳነሳ ከበስተኋላው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የቀዩ ፈሳሽ ጣሳ ተቀምጧል። ወዘወዝኩት፤ ግማሽ ነው።

ጣሳውን ይዤ ተመለስኩና ከአንገቱ ሥር ረጨሁት። ደንበኛውን አላናገርኩም፣ ወግ አልጣስኩም፤ ሥራዬን ነው የሠራሁት። ቶኩጂ የብየዳ መከለያውን ከፊቱ ገፍቶ አየኝ። ጠረግኩት። ነጩን ነፋሁበት። ጠበቅን።

ቀዩ መጣ። መጀመሪያ እንደ ነጥብ፣ ከዚያ እንደ ክር፣ ከዚያ ጥቂት ሲቀረው ቱቦውን ዞረው።

"ይቺ ቀይ መስመር ምንድን ናት?" አለ ኦኪቱ።

"ኧረ የቀለም ቅሪት ናት፤" አለ ናጋሴ ሳይደናገጥ። "አይደለም እንዴ ቶኩጂ ሳን?"

ባሌ መስመሯን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ፣ "አዎ፣ ቀለም ናት። ላሜራው ሲያርፍባት ትጠፋለች፤" አለ።

"ስንጥቅ ነው!" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። "ኦኪቱ ሳን፣ ስንጥቅ ነው! ተጋጭቷል፣ ስቱኮ ነበረበት፣ በእጄ ነው የፋቅኩት!"

ሰውየው እኔን አየኝ፣ ቶኩጂን አየው፣ እንደገና እኔን አየኝና እንደ ልጅ ፈገግ አለልኝ።

"እመቤቴ፣ ስለተጨነቁልኝ አመሰግናለሁ። ግን ጌታው ራሳቸው ቀለም ነው ካሉ... እኔ የመጣሁት የእሳቸውን እጅ አምኜ ነው።"

የእሳቸውን እጅ! ያ እጅ ስም ያተረፈው እኔ ለክቼ በሰጠሁት ፍሬም ነው። እሱ ጌታው፣ እኔ ሻይ ቀጂ! ናጋሴ ጥርሱን ሲገልጥ አየሁ። ባሌ መከለያውን ወደ ፊቱ ሲመልስ፣ ላሜራውን አንስቶ ቀይዋ መስመር ላይ ሲያስቀምጥ አየሁ። ያቺ የራስ ቁሯን አድርጋ ከኋላ የምትቀመጥ፣ መልኳን የማላውቃት ሴት ታየችኝ። ቁልቁለቱ ታየኝ።

ግራይንደሩን አነሳሁ። መበየድ አልችልም፤ መቁረጥ ግን እችላለሁ። ላሜራውን በክርኔ ገፍቼ ጣልኩና ዲስኩን ስንጥቁ ላይ አስቀመጥኩ።

"እመቤቴ! የሰው ንብረት ነው! ያዟት!" ናጋሴ ጮኸ። እሱ ራሱ ግን ከፍንጣሪው ሸሽቶ በሩ ጋ ደርሷል። ቶኩጂ አልያዘኝም። እጁን እንኳ አልዘረጋም።

ብዙ አልቆረጥኩም። ዲስኩ ትንሽ እንደገባ ቱቦው ራሱ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። አንገቱ ተንጋደደ። ኦኪቱ ተጠግቶ የተለያየውን ብረት አየ። ዙሪያው ከሞላ ጎደል ቡናማ ነው፤ ተሰንጥቆ ከርሞ፣ ውሃ ገብቶበት፣ ዝጎ። የሚያብለጨልጭ፣ ገና አሁን የተቆረጠ ብረት በአንድ በኩል የጥፍር ያህል ብቻ ነበር። ሚስትየዋን ከኋላ ሊሸከማት የነበረው ያ የጥፍር ያህሉ ነው።

"ላሜራው ይይዘው ነበር እኮ..." ሲል ሰማሁ ናጋሴ። ማንም ዞሮ አላየውም። ጥቂት ቆይቶ የመኪናው ሞተር ተነሳ።

ኦኪቱ ወደ ቶኩጂ ዞረ። አልጮኸም። ቢጮህ በወደድኩ።

"ጌታው፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዓይንዎ ስቶት ነው አይደል? ከላይ ሲታይ ቀለም ይመስላል። ማንም ሊሳሳት ይችላል።"

በር ከፈተለት። የእኛ ሰው ሌላውን ላለማዋረድ እንዲህ በር ይከፍታል፤ የተከፈተለት ሰው "አዎ፣ ይቅርታ" ብሎ፣ ሰግዶ ይወጣበታል። እኔ ራሴ፣ ያን ያህል ተናድጄ፣ በልቤ "አዎ በል፣ አዎ በል" እለው ነበር።

ቶኩጂ መከለያውን አወለቀ።

"አልሳትኩትም፤" አለ። "ፍሬሙ የመጣ ዕለት፣ ከስቱኮው ዳር ወጣ ብሎ አይቼዋለሁ።"

"ሚስቴ እንደምትቀመጥበትስ?"

"ናጋሴ ሳን ነግሮኛል።"

ኦኪቱ ራሱን ነቀነቀ። ለእኔ ብቻ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ሁለታችን ቀረን። እኔ ግን ስለ ኦኪቱ ማሰብ አቁሜ ነበር። ለዓመታት ከዚህ በር የወጡትን ፍሬሞች ነበር የማስበው፤ እሁድ እሁድ ሰው ጎንበስ ብሎ "ኦሆ!" የሚልላቸውን፣ ናጋሴ ያመጣቸውን፣ "ተለክቷል" የተባልኩባቸውን፣ ቶኩጂ ላሜራ ደርቦ፣ አሳምሮ የበየዳቸውን። አሁን በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ናቸው።

"ሌላ ስንት አለ?" አልኩት።

ጓንቱን ከጣቶቹ ላይ አንድ በአንድ መጎተት ጀመረ።

"ቶኩጂ፣ እየጠየቅኩህ ነው። ሌላ ስንት አለ?"