የደረጃው ፉጨት

ልብስ ሰፊዋ ውሸታም ሴት አልነበረችም። ለደንበኛ «ነገ ይደርሳል» ማለቷን ካልቆጠርነው ነው እንግዲህ፤ እሱን የማይል ልብስ ሰፊ ካለ ደግሞ ወዲህ በሉኝ! አንዲት ውሸት ግን ነበረቻት፤ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ልጇን የመገበቻት።

«ይበቅላል፣ ሚጡ። ጥርስ እንደ ሰው ነው፤ ቸኩሎ የሚመጣ አለ፣ ዘግይቶ የሚመጣ አለ።»

ሚጡ በስምንት ዓመቷ ሁለት የወተት ጥርስ ወለቀባት፤ ከላይ፣ ከፊት ጥርሶቿ ግራና ቀኝ ያሉት። የጓደኞቿ ወልቆ በቀለ፣ የእሷ ባዶውን ቀረ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ድዷን እየዳሰሰች፣ «እማ፣ ዛሬ ጠጠር ያለ ነገር አለ» ትላለች። እናት ሆዬ መርፌዋን ከአፏ ሳታወጣ፣ «እኔስ ምን አልኩሽ!» አስራ ሦስት ዓመት ሞላት፣ ምንም የለም። ክፍል ውስጥ አፏን ስትከፍት «ኧረ በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!» የሚል አይጠፋም። እሷም ዘጋችው። ማንበብ ተወች፣ መሳቅ ተወች። በመጨረሻ መምህሯ እናትየዋን አስጠርታ፣ «ይቺን ልጅ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ካልወሰድሻት እኔው ራሴ እወስዳታለሁ» ብላ ቁርጡን ነገረቻት።

ታዲያ እስከዛሬ ለምን ቆየች? ነገሩ ይኸውላችሁ። የልጅቷ አባት ቀለም ቀቢ ነበር፤ እሱም እነዚያን ሁለት ጥርሶች ሳያበቅል ነው የኖረው። ሰው ፊት ከንፈሩን ገጥሞ ይውልና ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ሆኖ በዚያ ክፍተት ያፏጫል፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። «መጣሁ» ማለቱ ነው። ሚጡ አራት ዓመት ሳይሞላት ሞተ። ደረጃውም ዝም አለ። ጥርሷ የወለቀ ሰሞን ግን ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ እያፏጨች ወጣች። ዜማው የልጅ ዜማ ነው፤ ድምፁ ግን ያው የሱ። መቀሱ ከእናትየው እጅ ወደቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ በየቀኑ፣ ለአንዲት ቅጽበት ባሏ የመጣ ይመስላታል። ያቺን ቅጽበት ሐኪም እንዲደፍንባት አልፈለገችም። ጉድ ነው፣ አውቃለሁ። ናፍቆት ያልፈጀው ሰው ይፍረድባት።

ሐኪሟ ራጁን መብራት ላይ ሰቀለችው።

«ይታያችኋል? የሌሎቹ ሥር ይኸው። እዚህና እዚህ ግን የለም። አልዘገየም፤ ከመጀመሪያውም አልተፈጠረም።»

ሚጡ ዓይኗን ከራጁ አላነሳችም። «በኋላስ? ትንሽ ብጠብቅስ?»

«አይመጣም፣ የኔ ቆንጆ። እኛ እንሠራልሻለን። ለጊዜው የሚወልቅ፤ አጥንትሽ እድገቱን ሲጨርስ፣ በአስራ ስምንት ዓመትሽ አካባቢ፣ የማይወልቅ እንተክልልሻለን።» ከዚያ ወደ እናትየው ዞረች። «ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው ነበር?»

«ኧረ ማንም የለም» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሳትጠየቅ የመለሰች ያህል ፈጥና።

የአፏ ልክ ከተወሰደ በኋላ ጓዳ ወዳለው ጥርስ ሠሪ ላኳቸው። ጄሶ ያነጣው ሽማግሌ ነው፤ የቤተሰብ ፎቶ ሳያይ ለልጅ ጥርስ አይሠራም። «ጥርስ የሚወረስ ነገር ነው» አላት ሚጡን። «የእናትሽን ይኸው አየሁት። ፊትሽ ግን የሷ አይደለም። አባትሽ ሲስቅ የተነሳውን ፎቶ አምጪልኝ።»

ቤት ገብታ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። በሠርጉ፣ በሥራው፣ እሷን አቅፎ፤ በሁሉም አፉ ግጥም ያለ ነው።

«እማ፣ አባባ ለምንድነው በአንዱም የማይስቀው?»

የልብስ ስፌት ማሽኑ ቆመ። ሌላ ውሸት አፏ ላይ መጥቶ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው፤ እሷም ሰለቻት መሰለኝ።

«እሱም አልነበሩትም።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አምስት ዓመት ሙሉ! ድዴን ስነካካ እያየሽ!»

«ፉጨትሽ እንዳይጠፋብኝ ነው፣ ሚጡዬ፣ አፈር ስሆን። የሱ ድምፅ እኮ ነው። እዚሁ ደረጃ ላይ ሆኖ፣ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር…»

ልጅቷ ተነስታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ «እራት ቀርቧል»፣ «እሺ» ካልሆነ በቀር ወሬ የለም። ሽማግሌው ነገሩን ሲሰማ «እንግዲያው ከፊት ጥርሶችሽ እናወርሰዋለን» አለና ሠራው።

የሚገጠምበት ቀን ሚጡ መስታወቱን ለረጅም ጊዜ ያዘችው። ፈገግ አለች፣ ከዚያ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ ሳቀች። እናትየው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ልጅቷ ለማፏጨት ሞከረች፤ ባዶ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። በመስታወቱ ውስጥ እናቷን አየቻትና መስታወቱን አስቀመጠችው።

በሳምንቱ ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። መምህሯ ስልክ ደውላ ነገረቻት፤ ልብስ ሰፊዋ ደስ አላት፣ ከልቧ ነው ደስ ያላት። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ጆሮዋ ደረጃው ላይ ነው። የሚሰማው ኮቴ ብቻ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ቁልፍ። ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሰው የሞተበት መሰላት።

አንድ ቀን ኮቴው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የትንሽ ሳጥን ክዳን ቀጭ ሲል ተሰማ። ከዚያ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

እናትየው እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። በሩን ስትከፍት ጨርቁ ትከሻዋ ላይ፣ መርፌው አፏ ውስጥ ነበር። ሚጡ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ጥርሱ መዳፏ ላይ።

«አልታረቅኩሽም» አለች። «ግን የማይወልቀው እስኪተከል ድረስ አፏጭልሻለሁ። አምስት ዓመት አለሽ።»

የዋሸቻትን ያህል ነው። እናትየው መርፌውን ከአፏ አወጣች።

«በይ ጥርስሽን አድርጊ፤ ቦታው እንዳይጠብ ብላለች ዶክተሯ።» ከደጃፉ ግን አልተንቀሳቀሰችም። በቀስታ፣ «አንዴ ብቻ ድገሚልኝ» አለች።