የጋሽ አፈወርቅ መኪና የኋላ መብራት

ወሰኔ ጥፋተኛ ከተባለ ከእድር ይባረራል። ከእድር ከተባረረ ደግሞ እናቱ ወይዘሮ ጠጄ ሲሞቱ ቃሬዛቸውን የሚሸከም ሰው አይገኝም። ሴትዮዋ እንደሆኑ አንድ ሐሙስ ነው የቀራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ አፈወርቅ አንዲት አሮጌ ፒካፕ አለቻቸው፤ ከቀየት መንደር በግ ጭነው ገበያ ይወጡባታል። ስድስት ዓመት ሙሉ የነዳት ወሰኔ ነበር። የእህታቸው ልጅ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ግን "በቃኸኝ" ብለው አሰናበቱት። በወሩ የመኪናዋ የኋላ መብራት ተበላሸ። ጭራሽ ቢጠፋ እንኳ ደግ ነበር፤ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ጭል ጭል ይላል፣ ፍሬቻ ሲበራ የፍሬኑ መብራት ይጠቅሳል። ሁለት መካኒክ አምፖል ቀየረ፣ ፊውዝ ቀየረ፣ ወፍ የለም! ከዚያ አንድ ቀን በጉም ውስጥ የጭነት መኪና ከኋላቸው መጥቶ ለጥቂት ሳታቸው። ጋሽ አፈወርቅም "ወሰኔ ነው! ቂም ይዞ ድግምት አስደገመብኝ፤ ሊያስፈጀኝ ነው!" ብለው ለእድሩ ከሰሱ። ምስክር አላቸው ወይ? ለእሳቸው ምን ምስክር ያስፈልጋል! የእድሩን ድንኳን የገዙት እሳቸው ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀመጠ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ወሰኔ ተነሣ።

"አባቶቼ፣ መኪናዋ ትምጣና ልያት። ብልሽቱን በዓይናችሁ ካሳየኋችሁ ነጻ በሉኝ።"

የእድሩ ዳኛ አቶ ይታየው ጢማቸውን አሻሹ። "ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነው። ይያት" አሉ።

ጋሽ አፈወርቅ መኪናዋን አመጧት። ወሰኔ አምፖሉን ፈታ፤ ደህና ነው። ፊውዙም ደህና ነው። ሁለት ሽቦ የተበጀላት መሞከሪያ አምፖል ነበረችው፤ አንዱን ጫፍ መብራቱ መሰኪያ ላይ፣ ሌላውን የመኪናዋ ብረት ላይ ቢያስነካ በራች። ከብረቱ አንሥቶ የመብራቱ የማሳ ሽቦ ላይ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናዋ ብረት በሚመለስበት ላይ ቢያስነካው ጠፋች። ኤሌክትሪኩ ይመጣል፤ ያጣው መመለሻውን ነው! የወሰኔ ልብ በደስታ ዘለለች። በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናዋ ሥር ገባና ያንን ሽቦ ተከትሎ ከሻንሲው ጋር ወደታሰረበት ቡሎን ደረሰ። የጭነቱ ወለል እዚያ ላይ ተበስቷል። የስንት ዘመን የበግ ሽንት በቀዳዳው እየተንጠባጠበ ቡሎኑንና የሽቦውን የመዳብ ጫፍ አረንጓዴ አድርጎ በልቶታል።

"ጋሼ፣ ጎንበስ ብለው ይዩት! የበግ ሽንት ነው!"

ጋሽ አፈወርቅ ጎንበስ አሉ። ቀዳዳውን አዩ፣ ቡሎኑን አዩ፣ ፊታቸው ተለወጠ። ገባቸው። እንደገባቸው ወሰኔ አይቷል። ምን ያደርጋል፣ ሰውየው ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኑ፤ "እስቲ ይብራና እናያለን" ብለው ቀና አሉና መሪው ጋ ገብተው ተቀመጡ።

ወሰኔ ቡሎኑንና የሽቦውን ጫፍ በቢላዋ ፋቀ፣ አጥብቆ አሰረው።

"ፍሬን ይርገጡ!"

ሁለቱም መብራቶች ቦግ አሉ። ጉሙ ቀላ። "በራ! አያችሁ? በራ!" እያለ ወሰኔ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ከእድርተኛው አንድም ሰው አልሳቀም። ጋሽ አፈወርቅ ከመኪናዋ ቀስ ብለው ወረዱ።

"ሁለት መካኒክ ያቃተውን እሱ በምን አወቀው? እጁ ሄዶ ቦታው ላይ ዱብ ያለው በምን ነው? ያሰረ አይደለም እንዴ የሚፈታ!"

"እውነት ነው!" አለ አንዱ።

"ሳቁን እዩት፣ ያስታውቅበታል። ልብ ካወቀ ገንፎ ያንቃል!" አለ ሌላው።

ወሰኔ የፋቀውን አረንጓዴ ዝገት በመዳፉ ይዞ በየሰዉ ፊት ዞረ። "አሽትቱት! በፈጠራችሁ፣ አንድ ሰው ያሽትተው! ሽንት ነው!"

"ወዲያ! ድግምቱ እሱ ነው!" እያሉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሸሹት። ቄስ አትናቴዎስ እንኳ፣ በግ ሲያረቡ የኖሩት ሰውዬ፣ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ወይ ሰው! ወሰኔ ጋሽ አፈወርቅን ትክ ብሎ አያቸው፤ እሳቸው ግን ወደ መሬት አቀረቀሩ። አቶ ይታየው መዝገቡን ገልጠው ስሙን ሰረዙት።

ቤት ሲገባ እናቱ በጭንቅ ከመደቡ ቀና አሉ።

"በራ፣ ልጄ?"

"በራ፣ እማዬ።"

"ተመስገን! እንግዲህ እንደ ሰው እቀበራለሁ። በል ሂድና የአፈወርቅን ጉልበት ሳምልኝ። መኪናውን ባያመጣልህ በምን ትነጻ ነበር?"

"እሺ፣ እማዬ" አላቸው።

ወደ ጓሮ ወጥቶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመ። አንድ ሰው ብቻውን የሚጎትተው ቃሬዛ ከየትኛው እንደሚወጣ እያየ፣ ቀጫጭኖቹን በእጁ እየለካ ይመርጥ ጀመር።